እንግዳ ሆኖ መላክ



በአሜሪካ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት የበጋ ወራት አንዳንድ ክርስቲያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በደቡብ ዳኮታ ወደሚኖረው ወደ ላኮታ ሕዝብ ለአገልግሎት ይሄዳሉ፤ ቤት ይጠግናሉ፥ ሕፃናትን ያስተምራሉ። ሥራው መልካም ነው። ዳሩ ግን ወንጌል ከእነርሱ ጋር በመኪና ተጭኖ የሚደርስ የሚመስላቸው ካሉ፥ የኒኮላስ ብላክ ኤልክን ታሪክ ይስሙ እንላለን።

ብላክ ኤልክ የላኮታ ተወላጅና የባህል ፈዋሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 የአሜሪካ ወታደሮች በውንድድ ኒ ሴትና ሕፃን ሳይለዩ የፈጇቸውን ወገኖቹን በዓይኑ አይቶአል። ይህ ሰው በ1904፥ በቅዱስ ኒኮላስ በዓል ቀን ተጠመቀ። ገዳዮቹ ራሳቸውን ክርስቲያን ይሉ እንደ ነበር እያወቀ መጠመቁን ልብ እንበል! ከዚያ ወዲያ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ሆኖ፥ ካህን አዘውትሮ በማይደርስበት መንደር ወገኖቹን በገዛ ቋንቋቸው አስተማረ። በ1950 ዐረፈ፤ የራፒድ ሲቲ ሀገረ ስብከትም ለቅድስና የሚያበቃውን ምርመራ በ2017 ጀመረ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ ባልደረባችሁ ነው።

ጌታችን ሰባ ሁለቱን ሲልካቸው የቀረበላቸውን እንዲበሉ አዝዞአቸዋል፤ እንግዶች ነበሩና። ወደ ላኮታ የሚሄድ ቤተሰብም መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ይቀመጥ፤ እሑድም በቤተ ክርስቲያን፥ ጸሎቱን የአገሩ ሰው ሲመራ፥ ከኋላ ሆኖ ይከተል።