ቆጥሮ ያልነገረ

የእህቴ ልጅ ክረምቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ከረመና አንድ ማታ፣ እሳት ዳር ተቀምጠን የበቆሎ እሸት ስንጠብስ፣ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ልሄድ ነው» አለኝ።

«ምን ልትሠራ?»

«ራሴን ልፈልግ። እኔም ትልቅ ሰው መሆን አለብኝ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ እሸቱን አስቀምጦ ወጣ። ሌሊቱን በቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያዳመጥሁ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ ምኑ ነው ያሳቀኝ?

መጀመሪያ ለሳቄ ጠበቃ ቆምሁለት። ራስን ለመፈለግ ከዱርቤቴ መናኸሪያ አውቶቡስ መሳፈር ምን ያደርጋል? ራሱ እንደሆነ አብሮት ነው ያለው፤ ዳጉሳ ማሳ ውስጥም አይጠፋበትም። ነገሩ ልክ መሰለኝ። ወዲያው ግን አያቴ ትዝ አለኝ። በልጅነቱ በሌሊት ከቤት ጠፍቶ ቅኔ ሊማር የሄደ ሰው ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ እየታገለ ነው የተማረው። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ጠፍቶ በሄደ ልጅ ማንም አልሳቀም። የእህቴ ልጅም የያዘው የቅድመ አያቱን መንገድ ነው፤ ልዩነቱ አውቶቡሱ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምክንያቴ ወደቀ።

ሁለተኛ ፈለግሁ። ልጁ 12ኛ ክፍል ተፈትኖ አላለፈም፤ ስለዚህ ትልቅነት የሚለው ሽንፈቱን መሸሻ ነው አልሁ። ይህም አላራመደኝም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከመቶ ሦስቱን ብቻ የሚያሳልፍ ወንፊት ሲገጥምህ እህሉን ከመንቀፍህ በፊት ወንፊቱን አገላብጠህ ታያለህ። እኔ ደግሞ መምህር ነኝ፤ ወንፊቱን ከያዙት እጆች አንዱ የእኔ ነው። በየትኛው አፌ ነው የምስቅበት?

ሦስተኛው ምክንያት፣ «ከዚህ ማን ትልቅ ሰው ሊሆን ነው» የሚለው፣ የባሰ አሳፈረኝ፤ በክፍል ውስጥ ስሰብከው የኖርሁትን የሚያፈርስ ነውና። ተማሪዎቼን «ከዚህ አፈር ትልቅ ሰው ይወጣል» እያልሁ አቤ ጉበኛን እጠራላቸዋለሁ። አቸፈር ተወልዶ፣ ከቤተ ክህነት ትምህርት ወደ ዘመናዊው ተሻግሮ፣ የመንግሥት ሥራውን ትቶ በብዕሩ ለመኖር የደፈረ ሰው ነው። «አልወለድም» የተባለው መጽሐፉ በማኅፀን ያለ ጽንስ «እዚህ ግፍ ውስጥ አልወለድም» ብሎ ከእናቱ ጋር ሲሟገት ያሳያል። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም በኋላ ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ በግዞት ተላከ። ከዚያም ወጥቶ ጽፏል፤ እስከ አሜሪካው የአዮዋ የደራስያን መርሐ ግብር ደርሶ ተመልሷል፤ በ1972 ዓ.ም. አረፈ። ይህን ሁሉ በኩራት ስናገር ኖሬ የገዛ እህቴ ልጅ «እኔስ?» ሲል ሳቅሁ። ለካ ትልቅነትን የምወደው በሞተ ሰው ላይ ነው።

እንግዲህ ትልቅነት ደፍሮ ሁሉን መጣል ነው ልበል? እዚህም ላይ ሐዲስ ዓለማየሁ ቆሙብኝ። እሳቸውም የጎጃም ልጅ፣ እሳቸውም የቤተ ክህነት ተማሪ ናቸው። ግን ሥራ አልጣሉም፤ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሃምሳውን ዓመት አልፈው ነበር። አንዱ ጥሎ ሄደ፣ ሌላው ይዞ ቆየ፤ ሁለቱም ደረሱ። ወሳኙ መንገዱ አይደለም ማለት ነው።

ደግሞስ ስማቸው የቀረልንን ብቻ ቆጥሬ ስለ መንገዱ መፍረድ እችላለሁ? ደበሎ ለብሰው ወጥተው በየመንገዱ የቀሩት ስንት ናቸው? የአያቴ የኔታ፣ መወድሱን ስምንት ቤት አስተካክለው በዕለቱ በዓል ላይ አንድ ጊዜ ያሉት፣ የት አሉ? ቅኔ ለቀኑ ነው የሚቆጠረው፤ ለነገው ሌላ አዲስ ይጠበቃል። የትናንቱን መድገም ነውር ነው። ብዙው ሳይጻፍ በአየር ላይ ቀርቷል። እኚያ ሰው ትንሽ ነበሩ ለማለት ግን አፌ አልታዘዘኝም።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ራሱ ሐሳቤን ያዘልኝ። ተማሪው ቀን ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል፤ ይህ ቆጠራ ይባላል። ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ቃሉን እያነሣ እየጣለ ከራሱ ጋር ይውላል። ትምህርቱ ግን እዚያ አያልቅም። የቆጠረውን መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ይህ ነገራ ነው። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ አንዳንዴም ሙሉውን ይጥልበታል። ተማሪው ምን እንዳለው የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ራሱን ዛፍ ሥር ይፈልገዋል፤ የሚያገኘው ግን በሰው ጆሮ ነው።

የሳቄ ምንጭ የገባኝ ይኼኔ ነው። ከአልጋዬ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ግጥም የጻፍሁባቸው ደብተሮች አሉ። ለማንም አንብቤ አላውቅም። «ገና አልበሰለም» እያልሁ አቆያቸው ነበር። እውነቱ ግን፣ ካልነገርሁት አይታረምብኝም፤ ካልታረመብኝ በሐሳቤ ትልቅ ሆኜ እኖራለሁ። ልጁ ግን እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ምኞቱን ተናገረ። ነገራው ይህ ነበር፤ እኔ ደግሞ መምህር ሆኜ በመስማት ፈንታ ሳቅሁበት። የሳቀው ሰው ቀናተኛ ነበር።

ጠዋት ልጁ ደጃፉ ላይ ጫማውን ሲያጸዳ ደረስሁበት። «ሂድ» አልሁት። «ትልቅ ሰው ሆንሁ ብለህ ግን አትደውልልኝ። የሠራኸውን፣ የታረምኸውን ንገረኝ።» ከዚያ የመጀመሪያውን ደብተር ሰጠሁት። «አንተም የእኔን አርም።»

ገጹን ሲገልጥ ልቤ እንደ ተፈታኝ ይመታ ነበር። አነበበ፤ ተመልሶ አነበበ። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ እዚች ጋ ቤት አይመታም» አለኝ።

«እስኪ አሳየኝ» ብዬ አጠገቡ ተቀመጥሁ።