«ወዶ ገባ» ማለት ይበቃልን?



ባለፈው እሑድ ከጉባኤ በኋላ በአዳራሹ ስንወያይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ለዕረፍት ላስ ቬጋስ ሄዶ፥ ሠርቶ ካገኘው ገንዘብ ጥቂቱን ይዞ፥ በካዚኖ ጠረጴዛ ፖከር የሚጫወት ወጣት በደለ ወይስ አልበደለም? ገሚሶቻችን «ቁማር ያው ቁማር ነው» ብለን ልንዘጋው ፈለግን። ሌሎቻችን ደግሞ «ማንንም አላስገደደም፤ አብረውት የተቀመጡት ሁሉ ወዶ ገባ ናቸው» አልን። እኔ በዚያ ቀን ዝም ብዬ ነበር። ዝም ያልሁት ሐሳብ አጥቼ አይደለም። በዚያ ጠረጴዛ ተቀምጬ ስለማውቅ ነው። ዛሬ ያን ዕዳ ልክፈል።

አስቀድሜ ጨዋታውን ለማታውቁት ጥቂት ላስረዳ። በኔቫዳ ግዛት ቁማር በሕግ የተፈቀደው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ከካዚኖ ገብቶ መጫወት ይችላል። ነገር ግን በካዚኖ ውስጥ ያለው ጨዋታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሩሌት በሚባለው ጨዋታ ተጫዋቹ የሚገጥመው ቤቱን ነው። የአሜሪካኑ ሩሌት 38 ቁጥሮች ሲኖሩት፥ በአንድ ቁጥር ላይ አስይዞ ያሸነፈ ሰው የሚከፈለው ያስያዘውን 35 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የተጫወተ ሰው፥ ካስያዘው ከየመቶው ዶላር ወደ አምስት ዶላር ያህል ለቤቱ እየተወ ይሄዳል። እዚያ ፊቱን የምናየው ተሸናፊ የለም፤ ያለው የሚሽከረከር መንኰራኵርና አንዲት ኳስ ናት።

ፖከር ግን ከዚህ ይለያል። ቤቱ ራሱ አይጫወትም። ጠረጴዛውን፥ ካርታውንና ካርታ አዳዩን ያቀርባል፤ ስለዚህም አገልግሎቱ በየዙሩ ከተከማቸው ገንዘብ ጥቂት ዶላር ይቆርጣል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዎች በዙሪያው ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደለዋል። ከዚያም አምስት ካርታ ለሁሉም የጋራ ሆኖ በመሐል ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፥ ቀጥሎ አንድ፥ በመጨረሻም አንድ። በየመካከሉ ገንዘብ ያስይዛሉ። ባዶ እጅ የያዘ ሰው የሞላለት መስሎ ብዙ ቢያስይዝና ሌሎቹ ፈርተው ካርታቸውን ቢጥሉ፥ በመሐል ያለው ገንዘብ ሁሉ የእርሱ ይሆናል። እንግዲህ በፖከር ያሸነፈ ሰው የያዘው ገንዘብ የቤቱ አይደለም። ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ኪስ የወጣ ነው።

ብዙ ወጣቶችን ወደዚህ ጨዋታ የሳበ አንድ ታሪክ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት በተደረገ አነስተኛ ማጣሪያ አልፎ፥ ላስ ቬጋስ ከተደረገው ታላቅ የፖከር ውድድር ገባና 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። በዚያ ውድድር የተሰለፉት 839 ሰዎች ነበሩ። እኛ ግን የምናስታውሰው የአንዱን ስም ብቻ ነው። ደግሞም ለዕረፍት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በውድድር አይደለም፤ በጥሬ ገንዘብ ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ ፊቱ የተደረደረው ቺፕ በቀጥታ ገንዘብ ነው። ሰው በፈለገ ጊዜ ይገባል፥ በፈለገ ጊዜ ይነሣል፤ ያለቀበትም ከኪሱ አውጥቶ ሊጨምር ይችላል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለሦስት ቀን ዕረፍት ሄደን ነበር። በሁለተኛው ሌሊት 300 ዶላር ይዤ፥ መነሻው አንድና ሦስት ዶላር ከሆነ ጠረጴዛ ተቀመጥሁ። ከፊት ለፊቴ አንድ ጠና ያሉ የአገራችን ሰው ተቀምጠዋል። በላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚኖሩ፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ በታክሲና በሆቴል ሥራ እንደሚተዳደሩ ታውቃላችሁ። እርሳቸውም ታክሲ ነጂ ነበሩ። ገና ሲያዩኝ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው በአማርኛ ጠየቁኝ። ካርታ አዳይዋም በትሕትና አቋረጠችን። ዙር በተጀመረ ጊዜ ከእንግሊዝኛ በቀር በሌላ ቋንቋ መነጋገር አይፈቀድም፤ ሁለት ሰዎች ሌሎቹ በማይሰሙት ቋንቋ ካርታቸውን እንዳይነጋገሩ ነው። ደንቡ ትክክለኛ ነው። ስለዚህ ፈገግ ተባብለን ዝም አልን።

ዝም ብዬም እመለከታቸው ጀመር። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ነገር አስተዋልሁ። እኒህ ሰው ጥሩ ካርታ ሲይዙ እጃቸው ከጠረጴዛው አይነሣም። ባዶ ይዘው ብዙ ሲያስይዙ ግን ጣታቸው ሳይታወቃቸው ወደ አንገታቸው ይሄድና ማተባቸውን ይነካሉ። ሁለት ጊዜ አየሁ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ።

ሦስተኛው መጣ። በመሐል የተገለጡት ንጉሥ፥ ንግሥት፥ ስድስት፥ አራትና ሁለት ነበሩ። እኔ የያዝሁት ሁለት ዘጠኝ ብቻ ነው። በመሐል 90 ዶላር ተከማችቷል። እርሳቸው 140 ዶላር ገፉ። ደካማ ካርታ ስለነበረኝ፥ ሌላ ጊዜ ቢሆን እጥል ነበር። ነገር ግን ቀና ብዬ አየሁ፤ ጣታቸው ማተቡ ላይ ነበር። 140 ዶላሬን ገፋሁ። የእርሳቸው ካርታ ዐሥርና ጃክ ሆኖ ተገኘ፤ ተከታታይ ቁጥር ሲጠብቁ ሳይመጣላቸው የቀረ። ከ370 ዶላሩ ቤቱ ድርሻውን ቆረጠና የቀረው ወደ እኔ ተገፋ።

ጥቂት ቆይተው ተነሡ፤ እኔም ተነሣሁ። ቡና ጋበዙኝ። ገንዘባቸውን የወሰድሁት እኔ፥ የቡናውን የከፈሉት እርሳቸው። ስለ ቤተሰቤና ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ። በመጨረሻም ያለ ቂም እየሣቁ፥ «ልጄ፥ ባዶ መሆኔን በምን አወቅኸው?» አሉኝ። እኔም «ዕድል ነው፥ ጋሼ» አልኋቸው።

ወገኖቼ፥ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ ገንዘቡ አልነበረም፤ ይህች አንዲት ቃል ናት። በጠረጴዛው ላይ ባዶ እጅን እንደ ሞላ አድርጎ ማሳየት የጨዋታው ደንብ ነው፤ ሁሉም ተስማምቶ ስለተቀመጠ ሐሰት አንለውም እንበል። ቡናው ላይ ግን ጨዋታ አልነበረም። በአባትነት ለጠየቁኝ ሰው ስለምን ዋሸሁ? እውነቱን ብነግራቸው ከዚያ ወዲያ እጃቸውን ይጠብቃሉ፤ ነገ ብንገናኝ ትርፌ ይቀራል። አንድም አፍሬ ነበር። የእምነታቸውን ምልክት የገንዘብ መንገድ አድርጌው ነበርና።

እንግዲህ የተነሡትን ክርክሮች በዚህ ዐይን እንመልከት። አንደኛ፥ «ዕጣ ራሱ ኃጢአት ነው» የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ አልልም። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው። እናቶቻችንም በዕቁብ ዕጣ ያወጣሉ። ነገር ግን በዕቁብ መጀመሪያ የደረሰውም መጨረሻ የደረሰውም የሚወስደው እኩል ነው፤ ዕጣው ተራን ይወስናል እንጂ አንዱን አራቁቶ ሌላውን አያለብስም። ከመስቀሉ ሥር የነበሩት ጭፍሮችም ዕጣ ተጣጥለዋል። እነርሱ ግን ልብሱን ለመውሰድ ሲሽቀዳደሙ የልብሱን ባለቤት ቀና ብለው አላዩም። ልዩነቱ ያለው ከዕጣው ላይ አይደለም፥ ዐይን ከሚያርፍበት ላይ ነው።

ሁለተኛ፥ «ፖከር ዕድል ሳይሆን ችሎታ ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሁለት አስ የሚታደለን በአማካይ ከ221 ዙር አንድ ጊዜ ነው፤ ያም ሆኖ ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር እስከ መጨረሻው ብንገጥም ከአምስት አንድ ጊዜ ያህል እንሸነፋለን። በአንድ ሌሊት ዕድል ይበረታል፤ በብዙ ወራት ችሎታ ይበልጣል። ነገር ግን ችሎታው የምንድን ነው? የሒሳብ ብቻ አይደለም። የጎረቤትን ድካም የማወቅ ችሎታ ነው፤ የፈራውን፥ የሰከረውን፥ የጠፋበትን ለማስመለስ የሚጣደፈውን ለይቶ ማወቅ። ተጫዋቾቹ በቋንቋቸው ደካማውን ሰው «ዓሣ» ይሉታል። ጴጥሮስና እንድርያስ ሰውን እንዲያጠምዱ ተጠርተው ነበር፤ የተጠሩት ግን የተጠመደው እንዲድን ነው።

ሦስተኛ፥ «በንግድም በኳስም እኮ አንዱ ያሸንፋል» የሚል ጠንካራ ክርክር አለ። ነገር ግን ጤፍ የሸጠ ገንዘብ ይዞ፥ የገዛም ጤፍ ይዞ ቤቱ ይገባል። በኳስ የተሸነፈም እራቱን በልቶ ያድራል። በፖከር ግን አዲስ የሚፈጠር ገንዘብ የለም። ቤቱ ከየዙሩ በአማካይ ሦስት ዶላር ይቆርጣል፥ በሰዓትም 30 ዙር ይደረጋል ብንል፥ በስምንት ሰዓት ከዚያ ጠረጴዛ 720 ዶላር ይወጣል። ለካርታ አዳይ የሚሰጠው ጉርሻ ገና አልተቈጠረም። የኔ ትርፍ ሙሉ በሙሉ የሌላው ጉድለት ነው።

አራተኛውና ዋናው «ወዶ ገባ» የሚለው ነው። አባቶቻችንም «ወደው ከተደፉ ቢረግጧቸው አይከፉ» ይላሉ። ይህን ምሳሌ ደግሜ ደጋግሜ አሰብሁት። ምሳሌው ለተደፋው ምክር ነው እንጂ ለሚረግጠው ፈቃድ አይደለም። እኒያ ሰው እኔን ሊወቅሱኝ አይችሉም፤ አልወቀሱኝምም። ነገር ግን የእርሳቸው አለመውቀስ የእኔን ጥያቄ አይመልስም። ያን 185 ዶላር ከቤት ኪራያቸው ይሁን ከትርፋቸው ያመጡት አላውቅም። ለማወቅም አልፈለግሁም፤ ባውቅ መግፋት ያቅተኝ ነበርና። ፈቃዳቸው ከሕግ ነጻ አወጣኝ፥ ከወንድምነት ግን አላወጣኝም።

ለመዝናናት ልኩን ወስኖ ከወዳጆቹ ጋር ጥቂት ዶላር የተጫወተውን ሁሉ ሌባ ነው ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። ጨዋታውም ደስ እንዳሰኘኝ አልክድም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በጨዋታም፥ በንግድም፥ በሥራ ቦታም የምመዝንበት አንድ ጥያቄ ይዣለሁ፤ ያገኘሁበትን መንገድ፥ ላጣው ሰው ፊት ለፊት ልነግረው እችላለሁን? መንገር ከቻልሁ ትርፌ ምናልባት ንጹሕ ነው። «ዕድል ነው» ብዬ መሸሸግ ካስፈለገኝ ግን፥ እርሱ ወዶ ቢገባም እኔ አውቄ ረግጫለሁ።

ገንዘቡን ለቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ልጨምረው አስቤ ነበር። እንዲህ ማድረግ ግን ሁለተኛ «ዕድል ነው» ማለት ሆኖ ታየኝ፤ ዕዳው የእኒያ ሰው ነውና። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ እርሳቸው ግን ስሜን ጠይቀውኝ ነበር። ከመካከላችሁ ለዕረፍት ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፥ ከመቀመጣችሁ በፊት ከፊት ለፊታችሁ ያለውን ሰው ስም ጠይቁ። ስሙንና ኑሮውን ካወቃችሁ በኋላ ገንዘቡን ለመውሰድ እጃችሁ ይታዘዝ እንደሆነ ያን ጊዜ ታያላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።