ዶሮ ብታልም ጥሬዋን

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይላል ያገራችን ሰው፤ ይህንም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አገጩን በመዳፉ ደግፎ በሐሳብ ጭልጥ ያለውን ሰው ለመሸርደድ ነው። ፍጥረት ሁሉ በእንቅልፉም ሆነ በቁሙ የሚያልመው የጎደለውን ነውና፣ ከሆድ ያለፈ ሐልዮ ከማንም አትጠብቁ ማለት ይመስላል።

እኔ ግን ይህን ምሳሌ በላስታ ተራራ ላይ ልፈትነው እወዳለሁ። ገድሉ እንደሚተርከው ንጉሥ ላሊበላ ወደ ሰማይ ተነጥቆ፣ በሮሐ የሚታነጹትን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ተመልሷል። ራእዩን የማይቀበል ቢኖር እንኳ የሥራው ጠባይ ያስገድደዋል፤ ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈሉት ጠራቢዎች ዙሪያውን ምሰው ቋጥኙን ለብቻው ካቆሙ በኋላ ከጣሪያው ጀምረው ቁልቁል ወርደዋልና፣ ግንበኛ ቢሳሳት አፍርሶ ይሠራል፣ እነርሱ ግን ለዓምድ የታሰበውን ደንጊያ አንድ ጊዜ ከቆረጡት የሚመልሰው የለም። ስለዚህ መሮው ከማረፉ በፊት ቤቱ ከነዓምዱ ከነመስኮቱ በሕሊና ተሠርቶ ማለቅ ነበረበት። በ1520ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ብጽፈው ማን ያምነኛል ብሎ መሥጋቱ አይደንቅም።

እንግዲህ ዶሮዋ ተረታች? የለም። ወደ ቤተ አማኑኤል ግድግዳ ተጠግቶ ለተመለከተ ሰው፣ ደንጊያው ባግድም አንዱ እርከን ወጣ፣ አንዱ ገባ እያለ ተጠርቦ ይታያል፤ ይኸውም የአክሱም ሰዎች እንጨትና ደንጊያ እያፈራረቁ የሚገነቡበት ሥርዓት ሲሆን፣ ለአንድ ወጥ ቋጥኝ ግን ምንም አይረባውም። ከላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ባሳነጸው ቤተ ክርስቲያን ግን እውነተኛው እንጨት እስከ ዛሬ እንደ ተጋደመ ነው። የሰማዩ ራእይ የላስታን ጥሬ ይዞ ወርዷል።

(በጎረቤቱ በዋድላም ቁራሽ ለምኖ የሚያድር የቅኔ ተማሪ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ያየው ገበሬ ሰነፍ ሳይለው አይቀርም፤ ሰሙን ከመጻሕፍት ታሪክ ይለቅማል፣ ወርቁን ግን ከልቡ ያወጣል። የምሳሌው ፍርድ ልክ ቢሆን ኖሮ የተራበው ልጅ የሚቆጥረው እንጀራ ብቻ በሆነ ነበር።)

ምሳሌው ስለ ጥሬው እውነቱን ነው፤ ስለ ሕልሙ ወሰን ግን ተሳስቷል። አንባቢ ሆይ፣ ወደ ላሊበላ ብትሄድ አስቀድመህ ይምርሐነ ክርስቶስን ተሳለም፣ የእንጨቱንም አገባብ ልብ ብለህ እይ፤ ወደ ቤተ አማኑኤል ከዚያ በኋላ ውረድ።