እንከን የለሹ መንደር

በፈገግታው የሚያጠፋ ሰው ለምን ይማርከናል? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከአንድ ወገን ብቻ የምናነሣው ይመስለኛል። ስለ ሰውየው እንጠይቃለን፤ ስለ አንደበቱ፣ ስለ ዓይኑ፣ ስለ ግርማ ሞገሱ። የቆመበት መንደር፣ ያጨበጨበለት ሕዝብ፣ ቡና ያፈላለት ጎረቤት ከጥያቄያችን ውጪ ይቀራሉ።

ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚወድ አንባቢ የታሪኩን መልክ ያውቀዋል። ልጆች ሳለን በሣሪስና በጎተራ ቪዲዮ ቤቶች አግዳሚ ላይ ተፋፍገን ስናይ፣ ክፉው ሰው ገና ብቅ ሲል በጠባሳውና በሳቁ እንለየው ነበር። የኋለኞቹ ፊልሞች ይህን ምልክት ነፈጉን። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኦሊቪያ ዋይልድ «ዶንት ዎሪ ዳርሊንግ» በበረሃ መካከል የተሠራች ቪክትሪ የምትባል መንደር ያሳየናል። ቤቱ ጽዱ፣ ጎረቤቱ ፍቅር፣ ማዕዱ ሙሉ ነው። ባሎች ጠዋት ተነሥተው ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ ሚስቶች ሥራው ምን እንደሆነ አይጠይቁም። ፍራንክ የሚባለው መሪ ማስፈራራት አያበዛም፤ ደስ የሚል፣ ልብስ ያማረበት፣ ቃል የሚያውቅ ሰው ነው። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ምስጢሩን በመሣሪያ ይፈታዋል። (ላላየው ሰው ከዚህ በላይ አልነግርም።) እኔን ቅር ያሰኘኝም ይኸው ነው፤ በእውነተኛው ዓለም ይህን የመሰለ መንደር ለመሥራት መሣሪያ አላስፈለገም።

ጂም ጆንስ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያቋቁም ጥቁርና ነጭን በአንድ አግዳሚ ያስቀመጠ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜው አሜሪካ ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ለተራበው ምግብ፣ ለአረጋዊው መጦሪያ አበጀ። ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮም የሳን ፍራንሲስኮ የቤቶች ባለሥልጣን ሰብሳቢ እስከ መሆን ደረሰ፤ ፖለቲከኞችም ደጅ ጠኑት። እ.ኤ.አ. በ1977 ከብዙ ተከታዮቹ ጋር ወደ ጉያና ጫካ ገባ። መንደሩ ጆንስታውን ተባለ፤ በራሱ ስም። እዚያም እርሻ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ነበር። ፓስፖርት ግን ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ነበር።

ኅዳር 9 ቀን 1971 ዓ.ም. በዚያ መንደር ከ900 በላይ ሰዎች በመርዝ አለቁ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ300 በላይ ልጆች ነበሩ። መርዙ አስቀድሞ የተሰጠው ለልጆች ነው፤ ዙሪያውን የታጠቁ ጠባቂዎች ቆመው ነበር። ስለዚህ «በፈቃዳቸው ሞቱ» የሚለው አባባል ለእኔ አይዋጥልኝም። ሆኖም የዚያ ምሽት ንግግር በቴፕ ተቀድቷል፤ ወደ 44 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። በቴፑ ውስጥ ክሪስቲን ሚለር የምትባል አንዲት ሴት ተነሥታ ትከራከራለች። ልጆቹ ሊኖሩ ይገባል ትላለች፤ ሌላ መንገድ የለም ወይ ትላለች። ጆንስ በለሰለሰ ድምፅ ይመልስላታል። ጮኾ ያስቀመጣት ሕዝቡ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም እንዲል እፈልጋለሁ። እነዚያ የጮኹባት ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። አብዛኞቹ ከንቀትና ከድህነት ሸሽተው ወንድምነት ፍለጋ የመጡ ናቸው፤ ያገኙትም ወንድምነት ውሸት ብቻ አልነበረም። አንድነታቸውን ወደዱት፤ አንድነታቸውን የምትሰብረውን ሴት ግን መታገሥ አቃታቸው። ጆንስ የተጠቀመው በክፋታቸው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ርቆ ባልሄደ ነበር። የተጠቀመው በደግነታቸው ነው።

እኛ ዘንድ ለዚህ ነገር ስም አለው፤ ይሉኝታ። ቃሉ ራሱ አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ «ምን ይሉኛል» ከማለት የወጣ ነው። ይሉኝታ ሐዘንተኛ ቤት ያስኬደናል፤ የጎረቤት ልጅ ያስመክረናል፤ እጃችንን ከሰው ኪስ ያስወጣናል። ያለ እሱ ከተማ ከተማ አይሆንም። ነገር ግን ይሉኝታ ማንንም ሳይመርጥ የሚያገለግል ሎሌ ነው። ጌታው የተለወጠ ዕለት፣ ትናንት ከስርቆት የከለከለን ያው ስሜት ዛሬ «ይህ ትክክል አይደለም» ከማለት ይከለክለናል።

የራሳችንን ቀበሌ እንየው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበራትም ወለደ። ብዙ ሰው በደስታ ነው የተቀበለው፤ ደስታውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የቤት ኪራይ ቀነሰ። የኅብረት ሱቅ ስኳርና ጨው አቀረበ። ጭሰኛና ተከራይ የነበረ ሰው ሰብሳቢ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማታ ማታ ሮንድ የሚወጡ ጎረቤቶች ሰፈሩን ይጠብቁ ነበር። ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በምንለው አካባቢ «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቆሞ ቀይ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን ሰበረ። የመንግሥቱን የመናገር ኃይል ጠላቶቹም አልካዱትም። ግን አንድ ሰው አደባባይ ላይ ጠርሙስ ስለሰበረ ብቻ ከመካኒሳ እስከ ሽሮ ሜዳ በየመንደሩ ሰው አይታደንም። ያደረሰው ሌላ ነገር ነው። ያው ስኳር ያከፋፈለው ማኅበር የቤተሰቡን ቁጥር ያውቃል፤ ያው ሮንድ የወጣው ጎረቤት የማን ልጅ አምሽቶ እንደገባ ያውቃል። የማጋለጥ ስብሰባ ሲጠራ አዳራሹ አዲስ አልነበረም፤ ስለ ውሃና ስለ ጽዳት የተወያዩበት ነው። ያጨበጨበው እጅም ያው እጅ ነው።

ከዚያም ወላጅ በልጁ ሬሳ ላይ እንዳያለቅስ ተከለከለ። በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ጎረቤት የሆነ ሰው ሁሉ ድንኳን የሚተክልበት አገር፣ ጎረቤት ድንኳን ለመትከል ፈራ።

መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ኮበለለ። እኔ ግን ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ አዘውትሮ ትዝ የሚለኝ ሌላ ሰው ነው። ቀልቤሳ ነገዎ በቀይ ሽብር ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ነበር። ከዓመታት በኋላ አትላንታ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ሻንጣ ሲያመላልስ፣ እዚያው ሆቴል የምትሠራ የቀድሞ እስረኛው አየችው። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ካሣ ፈረደባቸው ዘንድ ሳይሆን ፈረደላቸው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። እንግዲህ ስብሰባው፣ ማኅተሙና ጭብጨባው ሲነሣ ምን ቀረ? ሻንጣ የያዘ ሰው። ያ ሁሉ ኃይል ከየት መጥቶለት ነበር?

ስለዚህ ያጨበጨበው ሰው ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም? ጠመንጃ ከተደቀነ በኋላ ዝም ያለውን ለመክሰስ ድፍረቱ የለኝም፤ በእሱ ቦታ ያልቆመ ሰው ባይፈርድ ይሻላል። ተጠያቂነቱን እኔ የማየው ቀደም ባለው ጊዜ ነው፤ ጥያቄ መጠየቅ ከትዝብት በቀር ምንም በማያስከፍልበት በደጉ ጊዜ። በኬንያ ኪሊፊ አውራጃ፣ በሻካሆላ ጫካ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጥቷል። ፖል ማኬንዚ የተባለው ሰባኪ ተከታዮቹን ጾማችሁ ሙቱ ብሏል ተብሎ ተከሰሰ። ከጫካው ዓመታት አስቀድሞ ግን ሲሰብክ የኖረው ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አስወጡ እያለ ነበር። ያኔ ጫካም ረኃብም አልነበረም፤ ስብከት ብቻ ነበር።

ይህን ሳወራው አንድ ወዳጄ ተቆጣኝ። «አሁን ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት ዘመን አንተ ማኅበርን ትነቅፋለህ?» አለኝ። ግማሹ እውነቱን ነው። ብቸኝነት መድኃኒት አይሆንም፤ እንዲያውም ጆንስን የመሰለ ሰው የሚያርሰው መሬት እሱ ነው። መሥራቹ የተወደደለት መንደር ሁሉ ይጠፋልም አልልም፤ ዙምራ ኑሩ በፎገራ የመሠረቱት አውራምባ ስንት እንግዳ ገብቶ የልቡን ጠይቆ ወጥቶበታል። ልዩነቱን ለማየት ዕድራችንን መመልከት ይበቃል። ዕድር ወርኀዊ መዋጮህን ይጠይቃል፤ ሐሳብህን አይጠይቅም። ከቀብር ብትቀር ይቀጣሃል፤ ብትወጣ ግን ከሃዲ አይልህም። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ቆሞ ያነባል፤ አንዱ ነገረኛ ተነሥቶ «የድንኳኑ ሸራ ስንት ተገዛ?» ይላል፤ ሁሉም ይሰለቻል፤ ይመለስለታል። ይህ ነገረኛ ሰው ለእኔ የሰፈሩ ጌጥ ነው።

በጀሞ አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ የሆነውን ልንገራችሁ። የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ የተወደዱ ሰው ናቸው። ሮቶ ያስተከሉ፣ የደረጃውን መብራት ያስጠገኑ፣ ጥበቃ የቀጠሩ እሳቸው ናቸው። በአንድ እሑድ ስብሰባ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት እጃቸውን አውጥተው፣ እስካሁን የተዋጣው ገንዘብ ስንት እንደደረሰ ጠየቁ። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «ተገቢ ጥያቄ ነው» አሉ። ከኋላ ግን ድምፅ ተነሣ፤ «እሳቸው ባይኖሩ ውሃ ታገኚ ነበር?» አንዱ ሳቀ፤ ሌላው አጨበጨበ። መምህርቷ ተቀመጡ። ሒሳቡ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየውንም የምጠረጥርበት ምክንያት የለኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ መምህርቷ አልመጡም። የጥበቃው ክፍያ እንዲጨመር ሐሳብ ቀረበ፤ የተቃወመ አልነበረም። ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ።