የንጉሡ ማዕድና የእኛ ሕፃናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 የተጻፈው ታሪክ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ ከምርኮኞቹ መካከል ነውር የሌለባቸውን፣ መልከ መልካምና አስተዋይ የሆኑትን ወጣቶች አስመረጠ። ወደ ወኅኒ አልጣላቸውም፤ በጅራፍም አላስገረፋቸውም። ከራሱ ማዕድ እንዲበሉ፣ ከራሱ ወይን እንዲጠጡ፣ ስማቸውም እንዲለወጥ፣ ሦስት ዓመትም የከለዳውያንን ትምህርት እንዲማሩ ተደረገ። ለመሆኑ ሽማግሌዎቹን ትቶ ወጣቶቹን ለምን መረጠ? ሽማግሌ ከለመደው አይወጣም፤ ወጣት ግን ዛሬ የለመደውን እስከ ሽበቱ ይዞት ይኖራል። ንጉሡ ይህን ያውቅ ነበር። ዛሬም ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነጋዴዎች አሉና ጽሑፌ ስለ እነርሱ፣ ስለ ሕፃናቶቻችን፣ ይልቁንም ስለ ራሳችን ነው።

ወደዚህ አሳብ ያመጣኝን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ባለፈው ዓመት የሕፃናት ክፍል አስተማሪ ነበርሁ። ከጥምቀት በኋላ በዋለው እሑድ ስለ ቃና ዘገሊላ ሠርግ፣ ስለ ስድስቱ የድንጋይ ጋኖችና ስለ ጌታችን የመጀመሪያ ተአምር ካስተማርሁ በኋላ ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ አድዬ «እስቲ ሠርጉን ሣሉልኝ» አልኋቸው። 22 ሕፃናት ነበሩ። ከእነርሱ 14ቱ ጋኖቹን ትተው በማዕዱ ላይ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ደርድረው ሣሉ። ጠርሙሱ ብቻ ቢሆን ባልደነቀኝ ነበር፤ በሠርግ ቤት የሚያዩት እርሱን ነውና። የደነቀኝ ምልክቱ ነው። ገና የራስዋን ስም መጻፍ የማትችል የ6 ዓመት ልጅ የኩባንያውን ስም ከነኩርባው አሳምራ ጽፋዋለች። «ይህን ማን አስተማረሽ?» ብዬ ብጠይቃት «ጋሼ፣ ልብሳችን ላይ አለ እኮ!» አለችኝ።

እውነትዋን ነው። ለጥምቀት በዓል ሕፃናቱን አንድ ዓይነት ልብስ ልናለብሳቸው ፈልገን ገንዘብ አጥተን ነበር። ለአንድ የመጠጥ ኩባንያ የትብብር ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ማኅተም አስመትቼ ያደረስሁትም እኔ ነኝ። ኩባንያው ሳያንገራግር ነጭ ካናቴራዎች ሰጠን፤ በደረቱ ላይ የበዓሉ ጽሑፍ፣ በጀርባው ላይ የኩባንያው ምልክት ታትሞበታል። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ሲወርዱ ሕፃናቱ እየዘመሩ፣ ያንን ምልክት በጀርባቸው ተሸክመው ተከተሉ። እኔም በዚያን ቀን ደስ ብሎኝ «ኩባንያው ይባረክ» ብያለሁ። ሥዕሎቹን ካየሁ በኋላ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልብስ በነጻ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ 22 ትንንሽ ጀርባዎችን በነጻ አከራይቼ ኖሯል።

ወንድሞችና እኅቶች! ይህ ነገር ወደ እኛ የመጣው ዛሬ አይደለም። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ በመጣው የባቡር ሐዲድ የተቆረቆረች ናትና የውጭው ዓለም ዕቃ ወደ ብዙው የአገራችን ክፍል ከመግባቱ በፊት በእኛ በኩል አልፏል። ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን ሁለተኛው ፋብሪካ በ1965 የተከፈተው በዚሁ በድሬዳዋ ነው። በ1975 በደርግ ዘመን ተወርሶ፣ በ1990ዎቹ ወደ ግል ባለሀብቶች ተመለሰ። ከዚህ ሥራ በተገኘ ደመወዝ ልጆች አድገዋል፤ ተምረዋል። በድሬዳዋ ፀሐይ ደክሞት ቀዝቃዛ ጠርሙስ የያዘን መንገደኛም የሚነቅፍ የለም። ስለዚህ ማንንም ለመርገም አልተነሣሁም።

ነገሩ የሚከፋው በሕፃን ላይ ሲነጣጠር ነው። የዚህን ብልሃት አካሄድ በሌላው ዓለም እንመልከት። በአሜሪካ ፈጣን ምግብ የሚሸጠው ማክዶናልድስ እ.ኤ.አ. በ1963 ቀይ ጠጉርና ቢጫ ልብስ ያለው አስቂኝ ሰው በማስታወቂያ አወጣ፤ በ1979 ደግሞ ከልጆች ምግብ ጋር መጫወቻ በሳጥን አድርጎ መሸጥ ጀመረ። አስተውሉ! ልጁ ወደዚያ የሚሄደው ርቦት ሳይሆን መጫወቻውን ፈልጎ ነው። ልጅ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ አባቱንና እናቱን እየጎተተ ነው። አንድ ልጅ የያዘ ነጋዴ ቤተሰቡን ሁሉ ያዘ ማለት ነው።

ማክዶናልድስ ወደ አገራችን አልገባም። ፒዛ ሃት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል። ብልሃቱ ግን ከምግብ ቤቱ ቀድሞ ሰፈራችን ደርሷል። ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ለገሀሬ ተመላለሱና የሱቆቹን ሰሌዳ አንብቡ፤ የባለ ሱቁ ስም በትንሹ፣ የመጠጡ ምልክት በትልቁ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ማቀዝቀዣውም የኩባንያው ቀለም የተቀባ ነው፤ ከልጅ ዓይን ትይዩ ይቆማል። ቆርኪ ፍቆ ዕጣ መሞከርም አለ፤ ልጆች ከመንገድ ቆርኪ ሲለቅሙ ያላየ ማን ነው? ኳስም አለ፤ ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ዋንጫ ስፖንሰር ሆኖ ኖሯል። ኳስ የሚወድ ልጅ ጨዋታውንና ጠርሙሱን አንድ ላይ ይወዳቸዋል። በመጨረሻም ስልኩ አለ። የእኛው እኩያ የሆነ ወጣት በርገር እየገመጠ፣ እየሳቀ ይታያል፤ ተከፍሎት እንደሆነ ግን አይናገርም። እኛ ለአቅመ ማስተዋል የደረስነው እንኳ ጓደኛችን የመከረን ይመስለናል።

ሕፃኑስ እንዴት ሊለይ ይችላል? የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ጉዳዩን ያስጠናው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳስታወቀው ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ ሊያግባባቸው እንደ ተሠራ አይረዱም፤ የሰሙትን እንደ እውነት ይቀበሉታል። ኮካ ኮላ ራሱ 13 ዓመት ባልሞላቸው ልጆች ላይ ማስታወቂያ አላነጣጥርም የሚል ደንብ አለው። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሱቅ ግድግዳና የኳስ ሜዳ የተመልካቹን ዕድሜ አይጠይቁም።

በሥጋ በኩል የሚያደርሰውንም አንርሳ። በ330 ሚሊ ሊትር የኮካ ኮላ ጣሳ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም ከ8 የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ለአዋቂ ሰው በቀን ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል ይመረጣል ይላል። አንዱ ጣሳ የአዋቂውን ልክ አልፎ ሄደ፤ ሕፃኑ ጥርሱን ገና ያላበቀለ ነው። በሌላ በኩል በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት በምግብ ጉድለት ምክንያት የቀነጨሩ መሆናቸው ታውቋል። በእንዲህ ያለ አገር ለጠርሙስ የወጣው ብር ከእንቁላሉና ከወተቱ የተቀነሰ ነው። ልጅዋ በሰው ፊት ሲያለቅስባት አፍራ የምትገዛ እናት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ደርሶባታል።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በኤደን ገነት ረኀብ አልነበረም። እባቡ ወደ ሔዋን የመጣው የራባትን ሊያበላ አይደለም፤ ያልጎደላትን የጎደላት አስመስሎ ሊያሳያት ነው። ፍሬው ለዓይን የሚያስጎመጅ መሆኑን አየችና ወሰደች። ዔሳውም ብኩርናውን በምስር ወጥ ሸጠ፤ ሽታው በአፍንጫው፣ ድካሙ በጉልበቱ ነበርና የሚሸጠውን ነገር ዋጋ አላሰበም። ጠቢቡ በምሳሌ ምዕራፍ 23 ከገዥ ጋር ለማዕድ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ያለውን አጥብቆ እንዲመለከት፣ ጣፋጩንም እንዳይመኝ፣ የሐሰት እንጀራ ነውና ብሎ ይመክራል። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 55 እንጀራ ላልሆነ ነገር ገንዘባቸውን የሚመዝኑትን ስለምን ታደርጋላችሁ እያለ ይጠይቃል። ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ማዕዱን ከመቅመሳችን በፊት ማን እንዳቀረበውና ከእኛ ምን እንደሚፈልግ ልንጠይቅ ይገባናል። ሕፃን ይህን መጠየቅ አይችልም። ስለ እርሱ የምንጠይቅለት እኛ ነን። ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው ምን እንደሚጠብቀው ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 አስጠንቅቋል።

ምናልባት «መብላትና መጠጣት ኃጢአት ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጌታችን ራሱ በሠርግ ማዕድ ተቀምጧል፤ የእግዚአብሔር ፍጥረት ሁሉ መልካም እንደሆነም ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ጽፏል። ነገር ግን አሁን ያለንበትን ጾመ ነቢያት ተመልከቱ። «የጾም» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ኬክ፣ በርገርና ፒዛ በየማስታወቂያው ይታያል። ሥጋና ቅቤ ስለሌለው ብቻ ጾምን የጾምነው ይመስለናል፤ ምላሳችን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጾመም። ጾም የፍላጎትን ልጓም መያዝ ከሆነ ልጓሙን ለሻጩ አስረክበን እንዴት ጾምን እንላለን?

ሌሎች አገሮች ዝም አላሉም። በካናዳ የኩቤክ ግዛት ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚነገር የንግድ ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ቺሊ በ2016 በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ስኳርና ጨው በበዛባቸው ምግቦች ማሸጊያ ላይ ልጆችን የሚስቡ ሥዕሎችና መጫወቻዎች እንዳይኖሩ አድርጋለች። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጥቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በለስላሳ መጠጦች ላይ 25 በመቶ የኤክሳይስ ታክስ ተጥሏል። ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለእኛ አልተሰጠንም። የእነዚያ 22 ሕፃናት አደራ ግን ተሰጥቶናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ዳንኤል ያደረገውን። ዳንኤል ማዕዱን አልገለበጠም፤ አለቃውንም አልተሳደበም። በልቡ ወስኖ፣ በትሕትና ለምኖ፣ «10 ቀን ብቻ ፈትነን» ብሎ ጥራጥሬና ውኃ ይዞ ተቀመጠ። በ10ኛው ቀን የእርሱና የጓደኞቹ ፊት ከሌሎቹ አምሮ ተገኘ።

እኛም በመጀመሪያ ከስልካችን እንጀምር፤ እስከ ገና ባለው ጊዜ ውስጥ 10 ቀን መርጠን ከለስላሳውና ከጣፋጩ እንታቀብ፤ የተረፈውንም ብር ለነዳያን እናውጣ። ሁለተኛ፣ በሕፃናት ክፍል የምናቀርበው ቁርስ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ብርቱካንና ንጹሕ ውኃ ይሁን። ሦስተኛ፣ ሕፃናቱ ማስታወቂያ ሲያዩ «ይህን የሚነግረኝ ማን ነው? ከእኔስ ምን ይፈልጋል?» ብለው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉን ባይረዳም መጠየቅን ይለምዳል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና።

አራተኛው ለእኔ የከበደው ነው። ለሚመጣው ጥምቀት የልብስ ጉዳይ እንደገና ተነሥቶ፣ ያው የትብብር ደብዳቤ እንድፈርምበት ባለፈው ሳምንት በፊቴ ቀርቧል። አልፈረምሁም። አንዳንድ ወንድሞቼ «ገንዘቡን ከየት ታመጣዋለህ?» ብለው ተቆጥተውኛል፤ ቢቆጡም አልፈርድባቸውም፤ ያለ ምክንያት አልተቆጡምና፣ የሣጥናችንን ባዶነት አውቀዋለሁ። እኔ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ሕፃን በቤቱ ያለችውን ነጠላ ወይም ነጭ ልብስ አጥባ እናቱ ታልብሰው፤ የሌለውን ልጅ ደግሞ ከእኛ ከወጣቶቹ ሁለት ሁለት ሆነን እናልብሰው። ልብሱ አንድ ዓይነት አይሆንም ይሆናል፤ ጀርባቸው ግን የራሳቸው ይሆናል። በሚቀጥለው እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተገኝታችሁ እንድትመክሩበት እለምናችኋለሁ።

እግዚአብሔር ቢፈቅድ በዘንድሮውም ቃና ዘገሊላ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ወደ ሕፃናት ክፍል እገባለሁ። «ሠርጉን ሣሉልኝ» እላቸዋለሁ። ስድስቱን ጋኖች ያዩ ዘንድ ዳንኤልን በባቢሎን የጠበቀ አምላክ እነርሱንም እኛንም ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።