ጥርኝ ውሃ

ምእመናን ሆይ፤ የጎጃም ሰው በቅኔው ሰሙንና ወርቁን ይለያል፤ የመቅደሱን ሥዕል ግን ተሳልሞ ያልፋል። ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በጎን አዙረው በአንድ ዓይን መሣላቸው በከንቱ አይደለም።

የበላኤ ሰብእን ሥዕል እንመልከት። በሚዛኑ ባንድ ወገን የበላቸው 78 ነፍሳት፣ በሌላው በእመቤታችን ስም ለለመነው ድውይ የሰጠው ጥርኝ ውሃ አለ፤ ጥላዋ ቢያርፍበት ውሃው መዘነ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ በየካቲት 16 ቀን ይህ ታሪክ ሲነገር «እርሱ በጥርኝ ውሃ ከዳነ እኔማ» የሚል አይጠፋም (በዚህስ ካህኑም ከገበሬው አይሻልም)። ይህ ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል ነው። ሰውን እንደ መብል ያይ የነበረ ዓይን በዚያች ሰዓት የተጠማ ወንድሙን አየ፤ ወርቁ ይህ ነው።

እኔም አንድ ቀን ይህንኑ ሥዕል ለደቀ መዛሙርቴ ላስረዳ ስቸኩል፣ በደጀ ሰላሙ ውሃ የለመነኝን ድውይ አልፌው ገባሁ።