በወርኃ ጽጌ ወደ ዝቋላ ሐይቅ ስለ መውጣት

ክረምቱ አልፎ ጭቃው ፈጽሞ ሳይደርቅ፥ እህሉም ገና በማሳው ላይ ሳለ፥ ምእመናን ለጥቅምት 5 ቀን በዓል ወደ ዝቋላ ይወጣሉ። ዝቋላ ከደብረ ዘይት ከተማ በስተ ደቡብ በሜዳ መካከል ለብቻው የቆመ፥ ከፍታው ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ፥ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው። እሳት ይተፋ የነበረው አፍ ዛሬ ሐይቅ ሆኗል፤ በዙሪያውም የጥድ ደን ቆሟል፤ በዚያም የአባታችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛል። በመጋቢት 5 ቀን የሚከበረው የዕረፍታቸው በዓል የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን ዛሬ ስለ ጥቅምቱ ጉዞ ለመናገር ወደድን፤ በዚህ ወራት መንገዱ ራሱ ያስተምራልና።

ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ የምናስበው የእመቤታችንንና የልጇን ስደት መሆኑን ማንም ያውቃል። እርሷ ሕፃኑን ይዛ በረሓውን አቋርጣለች። ስለዚህ በጽጌ ወራት እግሩ በጭቃ እየተዳጠ፥ ትንፋሹ እያጠረ ዳገት የሚወጣ ምእመን ማኅሌተ ጽጌውን በእግሩ ይቆማል ብንል ስሕተት አይሆንም።

«እግዚአብሔር በሁሉ ቦታ ምሉእ ከሆነ ተራራ መውጣት ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እግዚአብሔር በሜዳውም በተራራውም አለ፤ እኛ ግን በሜዳው ሳለን በገበያውና በክርክሩ ተይዘን በዚያ የለንም። ጌታችን ብዙውን ሕዝብ በጥቂት እንጀራ ካጠገበ በኋላ ለጸሎት ብቻውን ወደ ተራራ መውጣቱን ወንጌል ይነግረናል። ለእርሱ ተራራው አላስፈለገውም፤ ለእኛ አብነት ሊሆን ነው እንጂ።

ወደ ደኑ የሚገባ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሆኖ ይግባ። በሰሜኑ አገራችን በብዙ ስፍራ ደኑ ሁሉ ሲያልቅ የቀረው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ዐፀድ ብቻ ነው። ከሩቅ አረንጓዴ ነገር ያየ መንገደኛ «እዚያ ታቦት አለ» ይላል። ይህን የጠበቁልን ዐዋጅ የነገራቸው ሰዎች አይደሉም፤ የቅዱሱን ስፍራ ቅርንጫፍ መስበር የሚፈሩ አባቶችና እናቶች ናቸው። የኦሪት ሕግም ከተማን የሚከብ ሠራዊት እንኳ ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ እንዳይቈርጥ ይከለክላል። በጦርነት የተከለከለውን በበዓል ቀን የሚያደርግ ምን ይባላል?

እንዲህ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥድ እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ አሮጌ የሆነውን ጥድ ዛሬ ብንተክለው ጥላውን የሚያዩት የልጅ ልጆቻችን ልጆች ናቸው። ተሳላሚው ግን ለአንድ ቀን መመርኮዣ ሲል ቅርንጫፉን ይሰብራል፤ ዙሪያውን ላለመሄድ አቋራጭ ያበጃል፤ በክረምት የራሰው አፈርም በዚያ አቋራጭ ይናዳል። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. በደኑ ላይ እሳት ተነሥቶ፥ ከአዲስ አበባና ከደብረ ዘይት ወጣቶች ተሰብስበው ወጥተው ከመነኮሳቱ ጋር ቅጠልና አፈር ይዘው መታገላቸው አይረሳም። በጥቅምት ሣሩ ርጥብ ነው ብሎ ጧፍን በዛፍ ሥር ትቶ የሚሄድ በመጋቢትም እንዲሁ ማድረጉ አይቀርም።

ስለ ሐይቁም ነገሩ ይህ ነው። በተራራ ጫፍ ላለ ሐይቅ ከሌላ አገር የሚመጣለት ወንዝ የለውም፤ የሚጠጣው በጕድጓዱ ዙሪያ የወረደውን ዝናም ነው። ዛፉ ያልያዘው አፈር ከዝናሙ ጋር ወርዶ ይሞላዋል። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ እንደ ነበረ ያየን ሰዎች፥ ሐይቅ አይሞትም ብለን ልንተኛ አይገባንም። አባታችን በዚህ ውኃ ውስጥ ራሳቸውን ወደ ታች አድርገው ስለ ኢትዮጵያ እንደ ጸለዩ፥ 60 አንበሳና 60 ነብርም እንደ ተከተሏቸው ገድላቸው ይተርካል። አውሬው ያልሸሻቸውን ጻድቅ ልናከብር ወጥተን፥ ጉሬዛውን በድምፅ ማጉያ አባርረን የውኃ ላስቲክ በዳር ጥለን እንመለሳለን።

ለጸሎት ሳይሆን ደኑንና ሐይቁን ለማየት ብቻ የሚወጡ ወጣቶችም አሉ። አንዳንድ ካህናት ይገሥጿቸዋል። እኛ ግን በጥድ ሥር ዝም ብሎ የተቀመጠውን፥ መንገዱን ሁሉ ሰው ሲያማ ከወጣው ተሳላሚ አናሳንሰውም። ዝም ያለውን ጠርቶ ማስተማር ይቀላል።

በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ከዚህ ገዳም አባቶች መካከል በግፍ የተገደሉ አሉ፤ ደኑን በጾምና በድካም ሲጠብቁ የኖሩ ነበሩ። እነርሱ የጠበቁትን ማን ይጠብቅ? ወንድሞቻችን ካህናት ሆይ፥ ጉዞ የምታዘጋጁ ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ንገሩ፤ መመርኮዣውን ከቤቱ ይዞ ይምጣ፤ በቀደመው መንገድ ይሂድ፤ ጧፉን በቤተ ክርስቲያን እንጂ በደን አያብራ፤ ጠበሉን የቀዳበትን ዕቃ ይዞ ይመለስ። ይህም ከመስከረም 26 ቀን በፊት ባለው ሰንበት ይነገር፤ በጥቅምት 5 ዋዜማ መኪና ላይ ተጨናንቆ የተቀመጠ ሰው አይሰማምና።